የሎዌል ፋብሪካ ልጃገረዶች፦ ስራው እንዲህ ከባድ ከሆነ ለምን በገዛ እግራቸው ሄዱ?

ፅጌ_የማታ
ሰላም ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። ፔፐር እየሰራሁ ነው፣ ርዕሱ የመጀመሪያዎቹ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካዎች ሴት ሰራተኞች ነው፣ በተለይ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ያለችው ሎዌል ላይ። (አመተ ምህረቱን በፈረንጅ፣ ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እናንተም እንደዛ አድርጉልኝ እንዳይምታታብኝ።)

ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ የማነበው ነገር እርስ በርሱ ይጣላል። አንዱ ጋ ስሄድ ልጆቹ በሳምንት በአማካይ 73 ሰዓት ይሰሩ ነበር፣ ሌሊት 11 ሰዓት አካባቢ ማሽናቸው ጋ ቆመው ምሽት 1 ሰዓት ነው የሚለቀቁት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነው አንድ አልጋ ለሁለት ይተኛሉ ይላል። ሌላው ጋ ስሄድ ደግሞ ማታ ማታ ሌክቸር ይገቡ ነበር፣ መጽሐፍ እየተዋሱ ያነቡ ነበር፣ ራሳቸው የሚጽፉበት ሎዌል ኦፈሪንግ የሚባል መጽሔት ነበራቸው፣ እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ እንኳን 1842 ላይ አንድ ቀን ጎብኝቷቸው አዳሪ ቤታቸው ውስጥ ፒያኖ አለ ብሎ እስኪደነቅ ድረስ። የቱን ልመን?

ደግሞ ማንም እጃቸውን ይዞ አላመጣቸውም እኮ። አንዳንዶቹ በጋ ላይ ቤተሰብ ጋ ተመልሰው ከርመው እንደገና ለዛው ስራ ይመጣሉ። እንደዛ የሚያቃጥል ከሆነ ምን ይመልሳቸዋል? እና ለምን ሴቶች? ወንድ ጠፍቶ ነው?

ድርና_ማግ
ፅጌ ሁለቱም እውነት ነው። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፣ ሌላው ከሱ ነው የሚመጣው።

ፍራንሲስ ካቦት ሎዌል የሚባል የቦስተን ነጋዴ 1810 ላይ እንግሊዝ ሄዶ ሁለት አመት ገደማ ቆየ፣ ፋብሪካዎቹንም እየዞረ አየ። እንግሊዞች የማሽን ንድፍ ከአገር እንዳይወጣ በህግ ከልክለው ስለነበር ሰውዬው ያየውን በጭንቅላቱ ይዞ ተመለሰና ፖል ሙዲ ከሚባል መካኒክ ጋር ሆኖ የሽመና ማሽኑን ዎልተም የምትባል ቦታ ላይ ሰራው። ካምፓኒው የተቋቋመው 1813 ነው። እሱ 1817 ሞተ፣ ከተማዋን አላያትም፣ ሸሪኮቹ ናቸው 1820ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሜሪማክ ወንዝ ፏፏቴው ጋ ቆርቁረው በስሙ የጠሯት።

እንግዲህ ውሃው አለ፣ ገንዘቡ አለ፣ ሰራተኛ የለም። ወንዱ መሬት አለው፣ ከሌለውም ወደ ምዕራብ ሄዶ ያገኛል፣ ለፋብሪካ ደሞዝ ብሎ አይመጣም፣ ከመጣም ውድ ነው። በየገበሬው ቤት ደግሞ መፍተልና መሸመን የሴት ልጆች ስራ ነበር፣ ርካሽ የፋብሪካ ጨርቅ ገበያውን ሲሞላው ያ ስራ ከእጃቸው ወጣ። ማለትም ፋብሪካው መጀመሪያ ስራዋን ቀማት፣ ከዛ መጥቶ ቀጠራት ሃሃ።

ግን የኒው ኢንግላንድ (ማሳቹሴትስ ያለችበት የሰሜን ምስራቅ አሜሪካ አካባቢ) አባት ልጁን ዝም ብሎ አይልክም፣ የእንግሊዝ ፋብሪካ ከተሞች ስማቸው ጠፍቶ ስለነበር። ለዚህ ነው አዳሪ ቤቶቹ የተሰሩት። ብዙ ጊዜ ባሏ የሞተባት አንድ እናት ቤቱን ትይዛለች፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ በር ይዘጋል፣ እሁድ ቤተክርስቲያን መሄድ ግዴታ ነው፣ ጠባይዋ ያልተወደደ ትባረራለች። እኔ እንደሚገባኝ ያ ሁሉ ደንብ የተጻፈው ለልጆቹ ሳይሆን ለአባቶቻቸው ነው።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ያኔ ለአንዲት ልጅ የነበረው አማራጭ ሰው ቤት ማገልገል፣ ልብስ ስፌት፣ ወይ በአመት ጥቂት ወር የገጠር ልጆች ማስተማር ነው። ፋብሪካው ለምግብና ለመኝታ በሳምንት 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ቆርጦ ወደ 2 ዶላር አካባቢ በእጇ ይሰጣታል፣ የወንዱ ክፍያ እጥፍ ገደማ ቢሆንም። በጥሬ ብር፣ በስሟ። ይህንን እንዳታቀልይው፣ ያኔ ያገባች ሴት የሰራችው ደሞዝ በህግ የባሏ ነበር፣ ማሳቹሴትስ ያንን የቀየረችው 1855 ላይ ነው። ከባሏ ሸሽታ በሌላ ስም ፋብሪካ የገባች ሴት ሁሉ ነበረች።

ለምን ይመለሳሉ ላልሽው፣ መመለስ ስለሚችሉ ነዋ። አብዛኞቹ ጥቂት አመት ሰርተው ይሄዳሉ፣ ያገባሉ ወይ ሌላ ስራ ይይዛሉ። ሲመራት ሻንጣዋን ይዛ አባቷ እርሻ ትገባለች። የኔ ሀሳብ በአጭሩ ይህ ነው፣ ፒያኖውንም መጽሔቱንም ያመጣው የባለቤቶቹ ደግነት አይደለም፣ ልጆቹ ጥለው መሄድ ስለሚችሉ ነው።

ቦቢን_27
እኔ ታሪኩን ብዙ አላውቅም ግን ስፒኒንግ (ክር መፍተያ) ክፍል ነው የምሰራው፣ ስለዚህ ስለ ክፍሉ ልንገርሽ፣ ፔፐር ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እሱ ነው።

የጥጥ ክር ደረቅ አየር አይወድም፣ ይበጠሳል። ዛሬ እርጥበቱን በማሽን እንቆጣጠረዋለን፣ ያኔ ግን ዘዴው መስኮቱን በሚስማር መምታትና እንፋሎት መልቀቅ ነበር። በጋ ላይ እዛ ውስጥ 13 ሰዓት ስትቆሚ አስቢው። ብናኙ አለ፣ ጥጡ ሲፈተል የሚበተነው ማለቴ ነው፣ ፀጉር ላይ ቅንድብ ላይ ያርፋል እሱ ቀላል ነው፣ ሳንባ የሚገባው ነው ጣጣው። ጩኸቱን በጽሑፍ ማስረዳት አልችልም። አንድ ክፍል ውስጥ ስንትና ስንት የሽመና ማሽን ባንዴ ሲመታ ወለሉ ራሱ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው የሚግባባው በምልክትና በከንፈር ነው፣ ስትወጪም ጆሮሽ ውስጥ ሰዓታት ይቀጥላል። በዛ ላይ ማሽኑን ሁሉ የሚያዞረው ከውሃው መሽከርከሪያ ተነስቶ ጣሪያ ለጣሪያ የሚሄድ የቆዳ ቀበቶ ነው፣ መከለያ ምናምን የለውም፣ ፀጉር ወይ ቀሚስ ከያዘ አይለቅም።

መወርወሪያዋን ደግሞ ልንገርሽ፣ ማጉን ይዛ በድሩ መሀል የምትመላለሰዋን። ማጉ ሲያልቅ ቦቢኑ (ክሩ የተጠቀለለበት) ይቀየርና የአዲሱ ክር ጫፍ መወርወሪያዋ ጎን ባለችው ትንሽ ቀዳዳ መውጣት አለበት። እንዴት ይወጣል? ከንፈርሽን ቀዳዳዋ ላይ አድርገሽ ወደ ውስጥ መሳብ ነው፣ ክሩ ከነብናኙ አፍሽ ውስጥ ይመጣል። ያንኑ መወርወሪያ ከጎንሽ ያለችውም ስባበታለች። ቲቢ በነበረበት ዘመን! ማሳቹሴትስ ይህንን በህግ የከለከለችው 1911 ላይ ነው፣ አስቢው።

ቀለል ያለ ስራም ነበር ለማለት ያህል፣ የሞላ ቦቢን ነቅለው ባዶ የሚተኩት ህጻናት ናቸው፣ አስር አስራ አንድ አመት የሆናቸው። በሰዓት ውስጥ 15 ደቂቃ ያህል ነው የሚሮጡት፣ በቀረው ጊዜ ይጫወታሉ ወይ ያነባሉ፣ ግን ከጠዋት እስከ ማታ እዛው ናቸው።

ፅጌ_የማታ
ቦቢን አመሰግናለሁ፣ የመወርወሪያዋ ነገር ዘገነነኝ ግን ይገባል ፔፐሩ ውስጥ። ድርና_ማግ ያልሽው ገባኝ፣ ግን መሄድ ይችሉ ከነበረ ለምን አድማ መቱ ታዲያ? ዝም ብለው አይሄዱም ነበር? 1834 እና 1836 ላይ አድማ ነበር ይላል ዝርዝሩን ግን በደንብ አላገኘሁትም።

ውብ_አንባቢ
እሱን እኔ ልመልስ፣ እዚህ ላይ ነው ከድርና_ማግ ጋር የምለያየው።

1834 የካቲት ላይ ካምፓኒዎቹ ደሞዝ በ15 ፐርሰንት እንቀንሳለን አሉ። ልጆቹ ስብሰባ መጥራት ጀመሩ፣ አንዷ መሪ ስትባረር ሌሎቹ ተከትለዋት ወጡ፣ 800 ገደማ ሴቶች በከተማው ሰልፍ ወጡ፣ አንዷም የውሃ ፓምፕ ላይ ወጥታ ንግግር አደረገች። ሴት ልጅ አደባባይ ቆማ መናገሯ ራሱ ነውር የሆነበት ጊዜ ነው። ባንክ ያስቀመጡትንም ገንዘብ ማውጣት ጀመሩ፣ ማስደንገጫ ነው በቃ። ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ተሸነፉ፣ ገሚሱ ወደ ስራ ገሚሱ ወደ አገሩ።

1836 ላይ ደግሞ ደሞዙን ሳይነኩ የአዳሪ ቤቱን ክፍያ ጨመሩ፣ በሳምንት 12 ሳንቲም ተኩል። ያው ቅነሳ ነው በጓሮ በር። አሁን 1500 ያህል ወጡ፣ ማህበርም አቋቋሙ፣ አንዳንድ ካምፓኒዎችም ጭማሪውን ሰረዙ። የአስራ አንድ አመቷ ሃሪየት ሃንሰን ያኔ ቦቢን ቀያሪ ነበረች፣ ክፍሏ ያሉት ትልልቆቹ እንውጣ አንውጣ እያሉ ሲያመነቱ እናንተ ብትወጡም ባትወጡም እኔ ወጣሁ ብላ ቀድማ ሄደች፣ ዞር ስትል ሁሉም ከኋላዋ ናቸው። ቆይታ ራሷ የጻፈችው ነው። ካምፓኒው ታዲያ ማንን ቀጣ? እናቷን። እናቷ ባሏ ሞቶባት ከአዳሪ ቤቶቹ አንዱን ነበር የምታስተዳድረው፣ ትልልቆቹን ማስቆም ባትችይ እንኳን የገዛ ልጅሽን መያዝ ትችይ ነበር ብለው ከስራ አስወጧት።

አሁን ልብ በይ፣ ድርና_ማግ እንዳለችው መውጫ ስለነበራቸው ብቻ ቢሆን አድማ አያስፈልግም፣ ቅር ያላት በየግሏ ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች። ያስነሳቸው አብሮ መኖሩ ነው። አንድ ማዕድ ላይ ሰላሳ ሰው፣ አንድ አልጋ ላይ ሁለት፣ የዛሬው ቅነሳ እራት ላይ ይወራል፣ ፊርማው አልጋ ላይ ይዞራል፣ የማትፈርም ካለች ነገ ቁርስ ላይ ሁሉ ያያታል። ባለቤቶቹ ለቁጥጥር ብለው የሰሩት ቤት ነው የማህበር ጽህፈት ቤት የሆነባቸው።

ድርና_ማግ
ውብ ስለ ቤቱ ያልሽውን እቀበላለሁ፣ ጥሩ አየሽው። ግን ያ የፓምፑ ላይ ንግግር ድፍረቱ ከየት መጣ? ብትባረር የምትበላው አላት። በነገራችን ላይ መልቀቅም ቢሆን እንዲሁ አይደለም፣ አመት ሰርታ የሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ሰጥታ በክብር ካልተሰናበተች ስሟ በካምፓኒዎቹ መሀል ይዞርና ሌላው ፋብሪካ አይቀበላትም። እርሻ ላላት ያ ምንም አይደለም፣ ለሌላት ግን ሞት ነው። ለዚህም ነው ከ1840ዎቹ አጋማሽ በኋላ ነገሩ የተለወጠው፣ ከአየርላንድ ረሃብ የሸሹት መጡ። አንዱን ካምፓኒ ሃሚልተንን ብትወስጂ 1836 ላይ የውጭ አገር ተወላጅ ከመቶ አራት አይሞላም፣ 1860 ላይ ከመቶ ስልሳ አልፏል። አየርላንዳዊቷ የምትመለስበት እርሻ የላትም። ያኔ ነው አንዷ ሴት ከሁለት ማሽን ወደ ሶስት ወደ አራት የተጫነባት፣ ፍጥነቱም የተጨመረው (ከሷ በፊትም ጀምሮ ነበር ግን ባሰ)፣ አለቆቹም ከክፍላቸው ብዙ ጨርቅ ላስወጡበት ጉርሻ ይከፈላቸው ነበር። ፒያኖውን ከዛ በኋላ ማንም አላነሳውም።

ገልብጤ
ሁላችሁም ስለ ክሩ እያወራችሁ ጥጡ ከየት መጣ የሚል የለም ወይ? ሎዌል ጥጥ አታበቅልም እኮ ጎበዝ፣ በረዶ አገር ነች። ከአሜሪካ ደቡብ ነው የሚመጣው፣ ለቃሚዎቹ ባሪያዎች ናቸው። እዛው ሎዌል የሚሸመነው ሸካራና ርካሽ ጨርቅ ደግሞ ተመልሶ ለደቡብ እርሻ ባለቤቶች ይሸጣል፣ ለባሪያዎቻቸው ልብስ። ባሪያዎቹ ጨርቁን ራሱን ሎዌል ብለው ነበር የሚጠሩት። ባርነትን ይቃወም የነበረው የማሳቹሴትስ ፖለቲከኛ ቻርልስ ሰምነር 1848 ላይ የአለንጋ ጌቶችና የሽመና ጌቶች ጋብቻ ብሎ የተናገረው ለዚህ ነው። የልጆቹ 2 ዶላር ከዛ ነው የሚመጣው፣ እና የሴት ነጻነት መጀመሪያ ምናምን ስትሉ ትንሽ ቀስ።

ውብ_አንባቢ
ገልብጤ ልክ ነህ፣ መነሳት ነበረበት። ልጆቹ ራሳቸው ግን ይህንን ያውቁ ነበር፣ 1834 ላይ ሎዌል ውስጥ የሴቶች ጸረ ባርነት ማህበር ተቋቁሟል፣ ብዙ የፋብሪካ ሴቶችም በባርነት ላይ አቤቱታ ፈርመዋል። በሌላ በኩል አድማ ላይ ሆነው እኛ ባሪያ አይደለንም እያሉ ነው የሚከራከሩት፣ ባሪያ የሚለው ቃል እንዲህ በቀላሉ ሲወጣ ሳይ እኔ ሁሌ ይከብደኛል፣ እጃቸው ላይ ያለውን ጥጥ የለቀመችው ሴት እንደዛ ማለት አትችልም።

ፅጌ ለፔፐርሽ ግን 1834ትንና 36ትን ይዘሽ እንዳትቆሚ፣ ትልቁ 1840ዎቹ ላይ ነው። ሳራ ባግሊ የምትባል ሸማኔ የሴት ሰራተኞች ማህበር መሰረተች፣ ጥያቄያቸው የቀን አስር ሰዓት ስራ ነው። አድማ ትተው ፊርማ ሰበሰቡ፣ ከ2000 በላይ ሰው ፈረመ፣ እና 1845 የካቲት ላይ የማሳቹሴትስ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርበው መሰከሩ። የኤሊዛ ሄሚንግዌይ ምስክርነት አለ ፈልጊው፣ በክረምት ጠዋትና ማታ የምትሰራበት ክፍል ውስጥ 293 ትንንሽና 61 ትልልቅ መብራቶች ይነዳሉ ትላለች፣ የዘይት መብራት ነው አስቢው፣ መስኮቱ ዝግ። ኮሚቴው በሙሉ ወንድ ነው፣ ሰብሳቢው የሎዌል ጋዜጣ ባለቤት ዊልያም ሹለር ነው። ሰምተው ሰምተው አዎ ችግር አለ፣ መፍትሄው ግን ከኛ ዘንድ አይደለም ብለው መለሷቸው። ሴቶቹ ድምጽ መስጠት አይችሉም ግን ሰውየው በሚቀጥለው ምርጫ እንዳይመለስ ቀሰቀሱበት፣ ተሸነፈም።

ባግሊ በኋላ 1846 ላይ የቴሌግራፍ ኦፕሬተር ሆነች፣ እዛም ሄዳ ከሷ በፊት የነበረው ወንድ የበለጠ ይከፈለው እንደነበር አወቀች፣ ምን ትላላችሁ።

ቦቢን_27
ሃሃሃ ያው ነው በቃ

ሰኞ_ማለዳ
ዘግይቼ ገባሁ ግን ማወዳደሪያ ከፈለግሽ ጃፓንን እይ፣ ቶሚዮካ የሐር ፋብሪካ፣ 1872። መንግስት ራሱ ነው የከፈተው፣ ፈረንሳዮች አምጥቶ። ልጃገረድ ቢፈለግ ማንም አይልክም፣ ፈረንጆቹ ወይን ሲጠጡ ስለታዩ የልጃገረድ ደም ይጠጣሉ የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር! ስራ አስኪያጁ መጨረሻ የገዛ ልጁን አስገባ፣ ከዛ የሳሙራይ (የድሮ ጦረኛ መደብ) ቤተሰብ ልጆች ሳይቀሩ መጡ። ሰዓቱ በቀን ስምንት የማይሞላ ነበር፣ እሁድም እረፍት። ከዛ ሙያውን ተምረው በየአገራቸው የተከፈቱት የግል ፋብሪካዎች ውስጥ ገቡ፣ እዛ ግን 13 እና 14 ሰዓት፣ አባትየው አስቀድሞ ብድር ወስዶባታል፣ እሷ እስክትጨርስ መውጣት አትችልም። 1886 ላይ ኮፉ የምትባል ከተማ 100 ያህል ሴቶች ሰዓት ሲጨመርባቸውና ደሞዝ ሲቀነስባቸው ስራ ጥለው ቤተ መቅደስ ገብተው ተቀመጡ፣ ጃፓን ውስጥ የመጀመሪያው የሰራተኛ አድማ የሚባለው እሱ ነው።

ለድርና_ማግ ሃሳብ የሚሆን ይመስለኛል፣ መጀመሪያ የመጡት ሲከበሩ በኋላ የመጡት ሲታሰሩ። ለውብም ይሆናል ግን፣ የኮፉዎቹ መውጫ የላቸውም፣ ሆኖም አደሙ።

ድርና_ማግ
እሺ እሷ ነጥብ ከበደችኝ። የኮፉዎቹ ያልከው ብድር ከነበረባቸው የኔ ነገር ሙሉ አይደለም ማለት ነው። ላስብበት።

ፅጌ_የማታ
ኧረ እናንተ ሰዎች ሶስት ገጽ ሊሆን የነበረው ፔፐር መጽሐፍ ሊሆንብኝ ነው። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ምሽት 1 ሰዓት ከስራ ወጥተው 4 ሰዓት በር የሚዘጋ ከሆነ መቼ ነው የሚያነቡት? እራት አለ፣ ልብስ አለ፣ እንቅልፍ አለ። ለጋዜጣ ማስታወቂያ የተጋነነ ነው የሚል ጥርጣሬ አለኝ።

ውብ_አንባቢ
ባለቤቶቹ መጽሔቱን ለማስታወቂያ ይጠቀሙበት እንደነበር አትጠራጠሪ፣ ባግሊም ለካምፓኒው የሚጎረብጥ ጽሑፍ አያወጡልኝም ብላ በአደባባይ ተጣልታቸዋለች። ማንበቡ ግን እውነት ነው፣ ከማታው በላይ በቀን በስራ ላይ ይሰርቁት ነበር። መጽሐፍ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ስለዚህ ገጣሚ የሆነችው ሉሲ ላርኮም (በአስራ አንድ አመቷ ነው የገባችው) ከጋዜጣ ግጥም እየቆረጠች መስኮቱ ጎን ያለው ግድግዳ ላይ ትለጥፍ ነበር፣ ክሩ ሳይበጠስ ሲሄድ ቀና ብላ እንድታነበው። አለቃው ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ ብሎ ምን ይላል፣ መጽሐፍ አይደለም።

ፅጌ_የማታ
ይሄንን መግቢያዬ ላይ አስገባዋለሁ። ገልብጤ የጥጡንም ለብቻው ክፍል እሰጠዋለሁ፣ አትቆጣ።

ገልብጤ
አልተቆጣሁም። ግን አንድ አንቀጽ ብቻ ጽፈሽ እንዳትሸውጂኝ፣ ስትጨርሺ እዚሁ ለጥፊው እናየዋለን።